ሳሙና የጠጣው ጋን

ፍሬህይወት ያን ዕለት ከደስታዋ ብዛት ቁርስ መብላቱን እንኳ ረስታዋለች። ምን ታድርግ? አማቷ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ስለታቸውን ሊያደርሱ ወደ ጣራ ገዳም ሲነሡ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው በሩ ላይ ቆም አሉና ጓዳ ያለውን ትልቁን ጋን በአገጫቸው አመለከቱ። «የታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበር ተረኞች እኛ ነን። ጠላውን ዘንድሮ አንች ጥመቂው» አሏት። ደጁን ካለፉ በኋላ ደግሞ የረሱት ነገር ትዝ እንዳለው ሰው ዘወር ብለው፣ «ካማረልሽ የማኅበሩን ቦታዬን እለቅልሻለሁ» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይቺን ቃል ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ በፎገራ ሜዳ ምራት ሆኖ አያውቅም ማለት ነው። ፍሬህይወት ከሐሙሲት ተድራ ከመጣች ዓመት አልፏታል፤ እስካሁን ግን ውሃ ስትቀዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድም፣ ሩዝ ስታርምም ስሟ «የሐሙሲቷ ልጅ» ነው። ክፋት የለበትም፤ ሲጠሯትም እየሣቁ ነው። ማኅበርተኛ የሆነች ሴት ግን በስሟ ትጠራለች፣ ታማ ስትቀር ትጠየቃለች፣ ልጅ ስትወልድ ደጇ ይሞላል። ጸሐይነሽ ቦታውን ከእናታቸው የወረሱት ናቸው፤ የሚያወርሷት ሴት ልጅ ግን እግዜር አልሰጣቸውም። ፍሬህይወት ያንን ቦታ ትፈልገዋለች፤ አምርራ ትፈልገዋለች።

ስለዚህ እጅጌዋን ሰበሰበች። ስህተቱም የተጀመረው እዚያው ላይ ነው።

እናቷ ሐሙሲት መናኸሪያው አጠገብ ጠላ ይሸጣሉ። የሚጠምቁት ግን በፕላስቲክ በርሜል ነው። በርሜሉ ሲያልቅ አንድ እፍኝ የዱቄት ሳሙና ይበተንበታል፣ በብሩሽ ይታሻል፣ ይለቀለቃል፣ በቃ። ፍሬህይወት በልጅነቷ በርሜሉ ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ስታሽ ያደገች ናት፤ ይህን ሥራ ተኝታም ትሠራዋለች። እዚህ አገር ጋን የሚታጠበው በግራዋ ቅጠል መሆኑን አይታለች። ግራዋን ግን ሳሙና ያላገኘ ሰው መላ አድርጋ ነበር የምትቆጥረው፤ ለእንዲህ ያለ ቀንማ ቅጠል እንዴት ይበቃል? ወረታ ገበያ ሄዳ ከወዳጇ ከመዲና ሱቅ አበባ አበባ የሚለውን ሳሙና ገዛች። አንድ እፍኝ የሚበቃ መስሎ ስላልታያት ጨመረች፣ አሁንም ጨመረች። አረፋው በጋኑ አፍ ገንፍሎ ጓዳውን ሲያጥለቀልቀው እየዘፈነች ነበር። ለቀለቀችው፣ ደገመችው፣ ጠላ ጠላ ይል የነበረው ጓዳ የሙሽራ ቤት መሰለ። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሥራዋን አየችና ራሷን አደነቀች።

ባሏ ዳኘው ከአውድማ ውሃ ሊጠጣ ገባ። ገና ከደፉ ላይ ሳለ አፍንጫው ተነፋ።

«ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«ሳሙና ነዋ። አላማረም?»

ዳኘው መንሹን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጋኑን ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «በሳሙና አጠብሽው?»

«ንጹህ ይሁን ብዬ ነዋ። ምነው?»

«ፍሬ፣ ይኸ እኮ በርሜል አይደለም። ሸክላ ነው። ሸክላ ይጠጣል።» ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያወጣቸው። «ያን ሁሉ ሳሙና ጠጥቶታል። አሁን ጠላ ብታደርጊበት ቀስ እያለ ይመልስልሻል።»

አላመነችውም። ንጹህ ውሃ ጨመረችበትና ምሳ እስኪደርስ ቆየች። ከዚያ በሃይላንድ ቀድታ ወዘወዘችው። ሃይላንዱ ግማሽ ድረስ አረፋ ሆነ። እዚያው ከጋኑ ሥር ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

ዳኘው የዋህ ሰው ነው፤ ልቆጣት ቢልም አይሆንለትም። «እናቴ ሳትመጣ ሌላ ጋን እንዋስ» አላት።

«እሳቸው የገዛ ጋናቸውን ላያውቁት? በጨለማ ዳሰው ያውቁታል። ደግሞ እኔ በውሰት ጋን ማኅበርተኛ አልሆንም።» ተነሥታ ነጠላዋን አነሣች።

«የት ነው?»

«ሳሙናውን የሸጠችልኝ መልሳ ትውሰደው።»

በባጃጅ ወረታ ስትደርስ፣ መዲና ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆማ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ የሚመጣውን አቧራ ከዕቃዎቿ ላይ እያራገፈች ነበር። ፍሬህይወት ሰላምታም አልሰጠች። «ሳሙናሽ ከጋኔ ውስጥ አልወጣ አለ» አለቻት። ነገሩን አስረድታ ስትጨርስ መዲና ሣቋን ለመያዝ ባንኮኒው ላይ መደገፍ አስፈልጓታል።

«አይ አንች! እኔ ለልብስ መስሎኝ ጥሩውን ሰጠሁሽ።» እንባዋን ጠረገች። «ግን አትጨነቂ። እኛም ቤት ደርሷል። ጎርፍ የገባ ጊዜ ዕቃውን ሁሉ ቆጥ ላይ ስንቆልል፣ የሳሙናው ማዳበሪያ ከውሃ ጋናችን በላይ ሆኖ ለካ ሲያንጠባጥብ ኖሯል። ያን ሰሞን ውሃ የጠጣ ሁሉ አረፋ ነበር የሚያገሳው።»

«በምን አወጣችሁት?»

«የሳሙናን ነገር በሳሙና አታወጭውም፤ በጓዳ ነገር ነው። የፈላ ውሃ፣ ሎሚ፣ ጨው፣ የሩዝ ገለፈት አመድ። እናቴ ቤቱን ሁሉ የምታጸዳው በዚሁ ነው፤ እኔ ሳሙና እሸጣለሁ እንጂ ለራሴ ድስት ከአመድ ሌላ አላስነካም።» እንደመቸኮል እያለች ሎሚ ከዘምቢሉ እየመረጠች ነበር። ከዚያ ድንገት ቆም ብላ ጣቷን አነሣች። «ጋን ነው ያልሽኝ። ውስጡ የሚገባውን አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም። የማግዘው ጋኑን ነው።»

«እኔም አልነገርኩሽም» አለች ፍሬህይወት፤ ሁለቱም ሣቁ።

መዲና ሱቁን ለእህቷ ትታ አብራት ወጣች። ከመፈልፈያው ጀርባ ገለፈት እየተቃጠለ ከሚከመርበት ቦታ አንድ ማዳበሪያ ልም አመድ ሞሉ። ፍሬህይወት አመዱን በጣቶቿ መሐል ስታሸው ልዝብ ይመስልና ውስጥ ውስጡን ይፍቃል።

ጓዳው ዐውደ ግንባር ሆነ። የፈላ ውሃ እየሞሉ ደፉ። አመዱን በውሃ ለውሰው ጋኑን ውስጡን ፈተጉት። ሎሚ ለሁለት እየሰነጠቁ ጨው ላይ እያጠቀሱ አሹት። ውሃው እስኪፈላ እጃቸው ሥራ ሲፈታ ደግሞ መዲና ዐይኗ ያረፈበትን ሁሉ ታነሣለች። ጥቀርሻ የጠጣውን ማንቆርቆሪያ በአመድ፣ ዝገት የጀማመረውን ቢላዋ በሎሚና በጨው፣ ሽንኩርት የሸተተውን መክተፊያ በጨው ብቻ። ማንቆርቆሪያው ብርማ ሆኖ ሲወጣ ፍሬህይወት ፊቷን አየችበት፤ የመጣችበትን ጭንቅ ረስታ እልል አለች። እንዲህ ያለ ነገር ከጓዳ እንደሚወጣ ማን ነገራት? አመድ ለመጣያ፣ የተጨመቀ ሎሚ ለመወርወር ብቻ ይመስላት ነበር። አሁን ከቤቱ የማይታጠብ ዕቃ እንዳይቀር ትዞር ጀመር።

ዳኘው ማታ ሲገባ ደፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ቤቱ ሁሉ ያብረቀርቃል። «ጋኑስ?» አለ።

ጋኑ ግን እምቢ ብሏል። በሃይላንድ የተቀዳው ውሃ ሲወዘወዝ አረፋው እንደ መጀመሪያው አይብዛ እንጂ አለ። መዲና የመጨረሻው ባጃጅ እንዳያመልጣት ስትወጣ፣ «የኛው ጋን የጠጣው ጥቂት ነበር፤ አንች ግን ግማሽ ከረጢት ነው ያጠጣሽው። አላህ ያግራልሽ» ብላ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

በነጋታው ዳኘው ጎረቤት ጠርቶ ጋኑን ተሸክመው ይናፈስ ብለው ደጅ አወጡላት። ፍሬህይወት ተስፋ እየቆረጠች አጠገቡ ሩዝ ታጥብ ነበር። ፀሐይዋ ከረር ስትል ቀና አለችና አንድ ነገር አየች። ፀሐይ የመታው የጋኑ ሆድ ላይ ነጭ ነገር ወጥቷል፤ ስስ፣ ዱቄት መሳይ። በጣቷ ጠረገችና ቀመሰችው። ሳሙና ነው። አበባ አበባ እንኳ ይላል። ዞራ በጥላው በኩል ያለውን ሆዱን ቀመሰች፤ ሸክላ ብቻ ነው።

ሸክላው የጠጣውን ወደሚደርቅበት በኩል እያላበው ነው ማለት ነው! ታዲያ በውስጥ በኩል የሚደርቅ ነገር ቢደረግለትስ? ተቀርፎ የሚጣል ነገር ቢለበጥበትስ?

አላሰበችበትም፤ እጇ ቀደማት። የቀረውን አመድ ሩዝ ባጠበችበት ነጭ ውሃ ለወሰችው፣ ሎሚውን ሁሉ ጨመቀችበት፣ እንደ ምርጊት አወፈረችው። እስከ ትከሻዋ ጋኑ ውስጥ ገብታ ከሥር እስከ አንገቱ ለበጠችው። ከዚያ ከዳኘው ጋር አራስ እንደሚደግፉ ደግፈው በጎኑ አስተኙት፤ አፉን ወደ ፀሐይ አዞሩት። የፎገራ የታኅሣሥ ፀሐይ ደግሞ ሥራዋን ታውቃለች። ልባጩ እየነጣ፣ እየተሰነጠቀ፣ እየተቀረፈ መውደቅ ጀመረ።

ፍሬህይወት አንዱን ቅርፊት አንሥታ አውድማ ድረስ ሮጠች። የሚወቁት ሰዎች ሁሉ ሥራቸውን አቁመው ያዩዋታል። «ቅመሰው» አለችው ዳኘውን።

«አመድ ነው እኮ።»

«ቅመሰው ብዬሃለሁ።»

ዳኘው ሰው እያየው ስለሆነ ቶሎ ይገላገል ብሎ በምላሱ ነካው። ወዲያው ተፋ። «ሳሙና!»

«ሳሙና ነው!» ብላ እዚያው ገለባው ላይ እየዘለለች አጨበጨበች። የሐሙሲቷ ልጅ ባሏን ሳሙና አብልታ ጨፈረች ተብሎ እስከ ማታ በሰፈሩ ተወራ። ግድ አልሰጣትም። እንደገና ለበጠችው፣ ደረቀ፣ ቀረፈችው፤ እንደገና። ቅርፊቱን ስትቀምሰው አመድና ሎሚ ብቻ እስኪል ድረስ አላቆመችም። በመጨረሻ ግራዋዋን ቆርጣ አሸችው፣ በወይራ ጭስ አጠነችው። በሃይላንድ የቀዳችው ውሃ ቢወዘወዝ ቢወዘወዝ የጉድጓድ ውሃ ሆኖ ዝም አለ።

ወይዘሮ ጸሐይነሽ ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት ማንቆርቆሪያውን ነው። ከዚያ ድስቶቹን፣ ከዚያ ቢላዋውን። በትራቸውን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄዋ፣ ምን አጥፍተሽ ነው ቤቱ እንዲህ የሚያበራ?» አሉ።

ዳኘው አስቀድሞ፣ ትንፍሽ አትበይ፣ ሳሙናው ወጥቷል እኮ ብሏት ነበር። ፍሬህይወት ግን አልቻለችም። ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ከአበባ አበባው ሳሙና እስከ መጨረሻው ቅርፊት ሁሉንም ተናገረች። ስለ ነጩ ላብ ስታወራ ግን ሳታስበው ቀና አለች፤ እጇም እየተወራጨ፣ ድምፅዋም ከፍ እያለ ሄደ። ጸሐይነሽ ሰምተው ሲጨርሱ ጓዳ ገብተው ራሳቸውን ጋኑ ውስጥ ከተቱና ለረጅም ጊዜ ሳይወጡ ቆዩ።

«ወይራውን አሳምረሽ አጥነሽዋል» አሉ ሲወጡ። «ሳሙናው ግን መውጣት አለመውጣቱን የሚነግረን ጠላው ነው። ውሃ እንደ ጠላ አይሰነብትም። ጥንስሱን ጣይው፤ ቃሌን አላጥፍም። የገብርኤል ዕለት ግን ካህኑ ሳይቀምሱ አስቀድመሽ በመዳፍሽ የምትቀምሽው አንች ነሽ። ሳሙና ካለበት በማኅበሩ ፊት በገዛ አፍሽ ትናገሪያለሽ። እኔ አልሸፍንልሽም።»

«እሽ፣ እማዬ።»

ጠነሰሰች፣ ደፈደፈች። የጋኑ አፍ በጭቃ ተመረገ። በዚያ ቤት የገብርኤል ነው ተብሎ የተመረገ ጋን ካህን በሌለበት አይከፈትም፤ ማንም ጫፉን አይቀምስም። ፍሬህይወት በየቀኑ ጆሮዋን ሸክላው ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ውስጡ ትክ ትክ ይላል። የጠላ ነው የሳሙና? በድምፅ አይለይም። እንቅልፍ እንቢ ሲላት ዳኘውን ትነቀንቀዋለች፤ እሱም ጌሾ ነው የሚፈላው፣ ተኚ ይላታል።

የገብርኤል ዕለት ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ማኅበርተኞቹ በየቦታቸው ተቀመጡ፤ ጸሐይነሽም በእናታቸው ቦታ፣ ከምሰሶው ሥር። ካህኑ አባ ይሄይስ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ባረኩ። «በሉ እስኪ ጠላውን» አሉ።

ፍሬህይወት ምርጊቱን ሰበረች። ቅሉን አስገብታ ማሰሮው ውስጥ ስትቀዳ አረፋ ግንፍል ብሎ ወጣ። በማሰሮው አንገት ተቆልሎ እጇ ላይ ፈሰሰ። ጥሩ ጠላ እንደሚያረፋ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። እንደዚህ ግን ያረፋል?

ከሴቶቹ መሐል ዐይን ብቻ የሆኑት እትዬ ታይቱ አንገታቸውን አስግገው፣ «ምነው አረፋው በዛሳ?» አሉ።

ማሰሮውን ይዛ መሐል ቆመች። አሁን መቅመስ አለባት፣ ከቀመሰች በኋላ መናገር አለባት። ውሸት እንደማይሆንላት ራሷም አማቷም ያውቃሉ። ግራ መዳፏን ዘረጋች፣ ማሰሮውን አዘነበለች። ጠላው መዳፏን ስቶ መሬት ነካ።

«ቆይ» አሉ ጸሐይነሽ።

ከቦታቸው ተነሥተው፣ ሰው እየተንጠራራ ሲያያቸው፣ መሐል ድረስ መጡ። መዳፋቸውን ከመዳፏ አጠገብ ዘረጉ። «ለእኔም ቅጂልኝ። አብረን እንቅመሰው።»

ፍሬህይወት ለሁለቱም መዳፍ ቀዳች፤ እኩል አነሡ፣ እኩል ጠጡ።

መጀመሪያ የመጣው ጌሾው ነው፣ መረር ብሎ። ከኋላው የወይራው ጭስ። ከዚያ ጠበቀች። ምላሷን ላንቃዋ ላይ አጣብቃ ያንን የአበባ ሽታ ፈለገችው፤ ከመጣ ከሥር ነው የሚመጣው። አልመጣም። የለም። ጠላ ነው፤ ደረቅ፣ ጥርት ያለ ጠላ። ማሰሮውን እንደያዘች እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

አባ ይሄይስ ጽዋቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ጸሐይነሽ ከንፈራቸውን ጠረጉ። «ይባርኩት፣ አባ። ሳሙና የለበትም» አሉ።

እትዬ ታይቱ ጆሯቸው ቆመ። «የምን ሳሙና? ጸሐይነሽ፣ ምንድን ነው እሱ የምትይው?»

ጸሐይነሽ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። በር አጠገብ አሮጊቶች ከተቀመጡበት መደብ ሄደው ቦታ አስለቅቀው ተቀመጡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከምሰሶው ሥር ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አሉ። «ማኅበርተኛዋን ፍሬህይወትን ጠይቂያት።»

ፍሬህይወት እንባዋን በክንዷ ጠረገችና መጀመሪያ የካህኑን ጽዋ ሞላች።